ከወደቡ እስከ ቀራጺው እጅ

ጅቡቲ ከተማ ቀንም ሌሊትም የማይዘጋ በር ናት። ከከተማይቱ በስተምዕራብ በሚገኘው በዶራሌ ወደብ ግዙፍ ክሬኖች ኮንቴነሮችን ከመርከብ እያነሡ ያወርዳሉ፤ ከባድ መኪኖችም ተቀብለው በጋላፊ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ያቀናሉ። በ1998 እ.ኤ.አ. ጦርነት የአሰብ መንገድ ከተዘጋ ወዲህ ከኢትዮጵያ የገቢ ንግድ እጅግ የሚበዛው ያለፈው በዚህ በር ነው። ስንዴውም፣ መድኃኒቱም፣ ቴሌቪዥኑም፣ የስልኩ ሽቦም አንድ በር ይጋራሉ።

በዚያው ከተማ ከየመን የመጣ የዓሣ አጠባበስ አለ። ዓሣው ለሁለት ተሰንጥቆ ቅመም ይቀባና ጉድጓድ በሚመስል የጋለ ምድጃ ውስጥ ይጠበሳል፤ ከትኩስ ቂጣ ጋር ቀርቦም በእጅ ይበላል። ምግቡ ቶሎ ይደርሳል። ነገር ግን በላተኛው ዓሣው ከየት ባሕር እንደ ወጣ ያውቃል፤ ከገበታው የሚተርፈውም አጥንት ብቻ ነው፤ እርሱንም ድመት አይተወውም። እንግዲህ የዘመናችን «ፈጣን ምግብ» የሚነቀፈው ቶሎ በመብሰሉ ብቻ አይደለም። ቶሎ ተበልቶ ቶሎ ስለሚረሳ፣ መጠቅለያው ግን ከበላተኛው ዕድሜ በላይ ስለሚቆይ ነው።

ይህን ጠባይ ቀደም ብለው ካስተዋሉት ቀራጽያን አንዱ በስዊድን ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው ክሌስ ኦልደንበርግ ነበር። በ1962 እ.ኤ.አ. ከሸራ የተሰፋ፣ በስፖንጅና በካርቶን የተሞላ አንድ ሃምበርገር ሠራ። ቁመቱ ከአንድ ሜትር፣ ስፋቱም ከሁለት ሜትር ይበልጣል፤ የሚቀመጠውም በወለል ላይ ነው። በካናዳ የቶሮንቶ ቤተ መዘክር በ1967 እ.ኤ.አ. ሥራውን በገዛው ጊዜ የሥነ ጥበብ ተማሪዎች አንድ ትልቅ የቲማቲም ስጎ ጠርሙስ ሠርተው በመቅረብ ተቃውሟቸውን በቀልድ ገለጹ። ቀልዱ መልካም ነበር፤ ሥራው ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። መንገደኛው በእጁ ይዞ እየሮጠ የሚጎርሰው ምግብ፣ አሁን ከእርሱ ገዝፎ መንገዱን ዘጋበት። ሊጎርሰው አይችልም፤ ዞሮ ሊያየው ግን ይገደዳል።

በጅቡቲ በኩል የሚያልፉት ኮንቴነሮች በብዛት የሚይዙት ሃምበርገር ሳይሆን ሌላ ዕቃ ነው፤ ዕቃውም ቢሆን እንደ ምግቡ በችኮላ መበላቱ አልቀረም። አዲስ አበባ የደረሰው ስልክና ኮምፒዩተር ጥቂት ዓመት አገልግሎ አዲስ ሲመጣ ይጣላል። የተጣለውን ቆራሌው ይሰበስበዋል፤ መርካቶም ፈትቶና በየዓይነቱ ለይቶ ይሸጠዋል። ከገዢዎቹ አንዱ በ1968 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተወለደው ሠዓሊና ቀራጺ ኤልያስ ስሜ ነው።

ኤልያስ ባለ ብዙ ቀለም ቀጫጭን ሽቦዎችን እንደ ሹሩባ ይጎነጉናል፤ የኮምፒዩተር ቁልፎችንና የተፈቱ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችንም በሰሌዳ ላይ ይደረድራል። ሥራው ከሩቅ ሲታይ ከአውሮፕላን ላይ የተመለከቱት የእርሻ ማሳ ይመስላል። ተመልካቹ ሲቀርብ ግን ማሳው የትናንት ስልክ ሆኖ ያገኘዋል። ለብዙዎቹ ሥራዎቹ የሰጣቸው የወል ስም በተወጠረ ገመድ ላይ መራመድን የሚያመለክት ነው፤ በአንድ ወገን ሥልጣኔ፣ በሌላው ወገን ሥልጣኔ የሚያስከትለው ጉዳት አለ፤ በመካከሉ የሚራመደው ሰው ነው። ይኸው ሰው ከመስከረም አሰግድ ጋር በመሆን በመካኒሳ የገነባውና በ2019 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የዞማ ቤተ መዘክር ግድግዳ ደግሞ ከጭቃና ከጭድ የተሠራ ነው። ጭቃው ቢፈርስ ወደ መሬት ይመለሳል፤ ሽቦው ግን መመለሻ የለውም።

ሁለቱም ቀራጽያን «አትብሉ፣ አትግዙ» አላሉም። በወደቡ ጭነት ብዙ ቤተሰብ ያድራል፤ በስልክም ልጅ ከሩቅ አገር ለእናቱ ድምፁን ያሰማል። እነርሱ ያደረጉት ችኩሉን ማቆም ነው። አንደኛው በአንድ አፍታ የሚጎረሰውን ነገር አግዝፎ አቆመው፤ ሁለተኛው ለመጣል አንድ ቅጽበት የበቃውን ሽቦ በብዙ ትዕግሥት ጎነጎነው።

ዛሬም በዶራሌ አንድ ኮንቴነር ይወርድ ይሆናል። በውስጡ ያለው ሽቦ በጋላፊ አልፎ፣ ከአንድ ቤት ገብቶ፣ አገልግሎና ተጥሎ መርካቶ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ በአንድ ግድግዳ ላይ ተጎንጉኖ ቢገኝ፣ ባለቤቱ የነበረው ሰው አልፎ ሲሄድ ያውቀው ይሆን? ለዕቃው ካሳሰበው ከመጣሉ በፊት አንድ ጊዜ አስተውሎት ቢሆን ኖሮ ያውቀው ነበር።