ከጣና ዳር በዜጌ የቡና ጥላ ሥር

በሥራ ምክንያት ወደ ባሕር ዳር በሄድኩበት ሰሞን የሰባት ዓመት ልጄንም ይዣት ነበር። አንዲት የእረፍት ቀን ስትተርፈኝ ሆቴል ከምንቀመጥ ልጂቱ አገሯን ትወቅ ብዬ ማለዳ በጀልባ ወደ ዜጌ አመራን።

ክብራን ገብርኤል ደሴት አጠገብ ስንደርስ «እማዬ፣ እዚህ አንወርድም?» አለችኝ። ገዳሙ በጥንት ሥርዓቱ ሴቶች የማይገቡበት መሆኑን ነገርኳት። «ለምን?» ስትለኝ የሚያረካት መልስ አላገኘሁም። ጀልባ ነጂው ግን ጎረቤቲቱን የእንጦስ ኢየሱስን ደሴት እያሳየ «ወደዚያችኛይቱ ሴቶችም ይገባሉ» ብሎ አጽናናት። ከደንገል በተሠራች ታንኳ ማገዶ የጫነ ሰው በአጠገባችን ሲያልፍም እጇን አውለበለበችለት።

ዜጌ ወርደን የእግር መንገዱን ተያያዝነው። ዳገቱ ቀላል ቢሆንም ድንጋይ ይበዛበታል። ግራና ቀኙ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የበቀለ ቡና ነው፤ ጌሾና ሎሚም አለ። ጦጣዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። በቆየው የገዳሙ ሕግ እዚህ መሬት አይታረስም፣ ከብትም አይረባም። ሕዝቡ በቡናው ስለሚተዳደር ጥላውን ይጠብቃል፤ ደኑም በዚሁ ምክንያት እስካሁን ሊቆይ ችሏል።

መንገዱን ሳናጋምስ የያዝነው ውሃ አለቀ። ቡና የሚለቅሙ አንዲት አሮጊት ልጄን አይተው «ነይ ልጄ፣ ግቡ» አሉንና በጣሳ ውሃ አቀረቡ። የሐይቅ ውሃ ይሆናል ብዬ ማመንታቴን ከፊቴ አነበቡት መሰለኝ፣ «አትፍሪ፣ አፍልቼ ያቀዘቀዝኩት ነው» አሉኝ። አፈርኩ። ያንን ውሃ ከሐይቁ ቀድተው፣ ዳገቱን ተሸክመው የወጡት እርሳቸው ነበሩ።

ዑራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ቤተ ክርስቲያን ስትሆን የመቅደሷ ግድግዳ በሥዕል የተሸፈነ ነው። ከሥዕሎቹ መካከል የበላዔ ሰብእ ታሪክ ይገኝበታል። ያ ሁሉ ሰው የበላ ሰው ለተጠማ በሰጠው ጥርኝ ውሃ ሚዛኑ እንደደፋለት ለልጄ ተረኩላት። ዝም ብላ ቆየችና «የእማማ ውሃስ ይመዘናል?» አለችኝ።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ እምቦጭ የተባለው አረም ሐይቁን ሲያስጨንቅ ዓመታት አልፈዋል። ሐይቁ ሲታመም ሸክሙ የሚከብደው በቅድሚያ ውሃ ቀጂዋ እናት ላይ ነው።

ወደዚያ ለመሄድ ያሰባችሁ እናቶች፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሐይቁን ስለሚያናውጥ ማለዳ ተነሡ። ለልጆች ጠንካራ ጫማ አድርጉላቸው፤ ነጠላ አትርሱ፤ የፈላ ውሃም በርከት አድርጋችሁ ያዙ። በሐይቁ ዳር ቢልሃርዚያ ስላለ ልጆች እንዳይዋኙ ተጠንቀቁ። ቡና ስትገዙም መንገድ ዳር ከሚያሰጡት ሴቶች እጅ ይሁን።

እኛም ስንመለስ ከእማማ አንድ ኪሎ ቡና ገዛን። ልጄ ግን የጣሳው ውሃ ዕዳ አልተከፈለም ባይ ነች።