ወደ ጭሮ ሲወጡ ምስክር ይያዙ

ቤተሰብዎን ይዘው ወደ ምሥራቅ ለመጓዝ ካሰቡ፣ የጉዞው ውበት ከሚኤሶ በኋላ ይጀምራል። አዋሽ ሰባት ኪሎን፣ ቦርደዴንና አሰቦትን አልፎ እስከ ሚኤሶ ያለው ቆላ ነው፤ ሙቀቱ ልጆችን ያሰለቻል። ከዚያ የባቡር ሐዲዱ በቆላው ወደ ድሬዳዋ ሲቀጥል፣ የመኪናው መንገድ ወደ ጨርጨር ተራሮች ይወጣል። አየሩ ይቀዘቅዛል፣ መስኮት ይከፈታል፣ የማሽላና የጫት ማሳው በየዳገቱ ይታያል። ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዙ በኋላ የምዕራብ ሐረርጌ ዋና ከተማ ጭሮ ትቀበልዎታለች። ብዙዎች ዛሬም አሰበ ተፈሪ ይሏታል።

ከጭሮ በኩኒ በኩል ቢታጠፉ በዴሳና ገለምሶ፣ የቡናው አገር፣ ይጠብቅዎታል። ቀጥ ቢሉ ሂርናን አልፈው ወደ ቁልቢ ይደርሳሉ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለገብርኤል የሚሄደው ምእመን ይህን መንገድ ይሞላዋል።

ይሁን እንጂ መንገዱ ቀልድ አያውቅም። ጠመዝማዛ ነው፤ በክረምት ጉም ይወርድበታል። ጭነት የያዘ አይሱዙ ዳገቱን እያቃሰተ ይወጣል። ጫት የጫነው መኪና ደግሞ ቅጠሉ ሳይጠወልግ ገበያ ለመድረስ ይበራል። በከተሞቹ መግቢያ ባጃጅ፣ ከከተማ ውጭ ፍየልና ከብት ድንገት ይገባሉ።

እንበልና መታጠፊያ ላይ ከፊት የመጣ መኪና መስመርዎን ጥሶ ገጨዎት። ፈጣሪ ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። ሁለታችሁም «እኔ በመስመሬ ነበርኩ» ትላላችሁ። አደጋውን ያየው የአውቶቡስ ተሳፋሪ ጉዞውን ቀጥሏል። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን ያነሳል፤ ፕላኑ ግን መኪኖቹ የት እንደቆሙ እንጂ ከመጋጨታቸው በፊት የሆነውን ሁሉ አይናገርም።

ታዲያ ማን ይከፍላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2084 ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይቆጥራል፤ ባለቤቶቹም የጉዳቱን ግማሽ ግማሽ ይሸከማሉ። ይህ የሚቀረው አደጋው በሙሉ ወይም በዋናነት በአንደኛው ሹፌር ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው። ማስረጃ ከሌለዎት፣ ያላጠፉትን ግማሽ ሊከፍሉ ይችላሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ መኪናዎ ተሰብሮ ሂርና ላይ ማደር ግን ወጪው ብዙ ነው።

ዳሽካም፣ ማለትም ከፊት መስታወት ጀርባ የሚለጠፈው ትንሽ ካሜራ፣ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በሩሲያ በጣም ከመለመዱ የተነሳ፣ በየካቲት 2005 ዓ.ም. በቼልያቢንስክ ሰማይ ላይ የፈነዳውን የሰማይ ድንጋይ ለዓለም ያሳዩት እነዚሁ የመኪና ካሜራዎች ነበሩ። በጀርመን የግል መረጃ ጥበቃ ጥብቅ ቢሆንም፣ የአገሪቱ ከፍተኛ የፌዴራል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 በዳሽካም የተቀረጸ ምስል በአደጋ ክርክር ላይ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ወስኗል። በእኛም አገር የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ እንዳያጣ ይደነግጋል። ቪዲዮው ምን ያህል እንደሚታመን የሚመዝነው ግን ዳኛው ነው።

በማርኬቲንግ ሙያ ላይ ያለሁ ሰው ነኝና ሻጩ ምን እንደሚነግርዎት አውቃለሁ፤ ስለ ምስሉ ጥራት ያወራል። እርስዎ ሌላ ይጠይቁ። የአዋሽንና የሚኤሶን ፀሐይ ይችላል? በባትሪ ፈንታ ካፓሲተር ያለው ሙቀትን የተሻለ ይቋቋማል። የኋላውንስ ያያል? የፊቱ ብቻ ከሆነ ከኋላ የገጨዎትን አያሳይም። ሲሰቅሉት ደግሞ እይታዎን እንዳይጋርድ ከመስታወቱ ጀርባ ያድርጉት።

ሰዓቱንም ያስተካክሉ። ካሜራው 08:30 የሚለውን እርስዎ ለፖሊስ «ሁለት ሰዓት ተኩል» ይሉታል፤ ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ልዩነቱን ቀድመው ካላስረዱ ጥሩ ማስረጃ ጥርጣሬ ላይ ይወድቃል። ካሜራው ሚሞሪው ሲሞላ አሮጌውን እያጠፋ ስለሚቀርጽ፣ የተጎዳ ሰው ካለ መጀመሪያ እሱን ይርዱ፤ ከዚያ ካርዱን ያውጡ። ኮፒውን ይስጡ፣ ዋናውን ሳይቆርጡ ያስቀምጡ። ቴሌግራም ላይ አይልቀቁት፤ የተጎዳው ሰው ቤተሰብ አለው።

አንድ ነገር ግን አይርሱ፤ ካሜራው የእርስዎ ጠበቃ አይደለም። ፍጥነትዎንም፣ ከመስመር መውጣትዎንም ይቀርጻል። ከእግረኛ ወይም ከእረኛ ጋር ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይለያል። በአንቀጽ 2081 መሠረት የመኪና ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። በሬው የሞተበት ገበሬ ካሜራ የለውም፤ ያለው ቃሉና የአገር ሽማግሌ ነው። በዚህ አገር ብዙ ጠብ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በጃርሱማ፣ በሽማግሌዎች እርቅ፣ ያልቃል። እዚያ ሲቀመጡ ቪዲዮውን ያሳዩ፣ ነገር ግን አፍ ማስያዣ አያድርጉት። በሬው ለዚያ ቤት የዓመት እርሻ መሆኑን ካሜራው አይቀርጽም፤ ሽማግሌው ግን ያውቃል።

ስለዚህ ካሜራውን ይግጠሙ፣ እንደሌለ ሆነው በጥንቃቄ ይንዱ። ጭሮ ሲደርሱ ወርደው ቡና ይጠጡ፤ የደከመ ሹፌርን የትኛውም ካሜራ አያድነውም።