ጣናን የሞላው ማን ነው?

ባሕር ዳርን ከረጅም የአሜሪካ ቆይታ በኋላ ሳያት መጀመሪያ ያመራሁት ወደ ወደቡ ነው። በልጅነታችን የዘጌ ቡናና ማገዶ በታንኳ መጥቶ የሚራገፈው፣ ጎርጎራ ተሻጋሪውም ስንቁን አንጠልጥሎ ጀልባ የሚጠብቀው እዚያ ነበር። ዛሬ በዚያው ዳርቻ አስጎብኚዎች «ኡራ ኪዳነ ምሕረት ወይስ ክብራን ገብርኤል?» እያሉ እንግዳ ይቀበላሉ። ሆቴሎች ሐይቁን ተከትለው ተሰልፈዋል። ዓባይ ላይም በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ድልድይ ተዘርግቷል። ከተማዬ እንዲህ አምራ በማየቴ ከልብ ደስ ብሎኛል።

ዕድገቱ በአንድ ጀንበር የመጣ አይደለም። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች የጀልባ ማረፊያ ሠሩ። በ1950ዎቹ በጣሊያን የጦር ካሳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተተከለ፤ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊቴክኒኩ ተከፈተ፤ የጢስ ዓባይ ማመንጫም ሥራ ጀመረ። ሠራተኛና ተማሪ ሲበዛ ገበያውም ደራ፤ ከተማዋም ሰፋች።

እንግዳ የሚጓጓው ግን ፋብሪካ ለማየት አይደለም። የሚስበው እንደ ዘጌ ያለው የሐይቁ ዳር ነው። እዚያ በሬ ጠምዶ ማረስ በገዳማቱ ሥርዓት የተከለከለ በመሆኑ፣ ቡናው በጥንት ዛፎች ጥላ ሥር እስከ ዛሬ ይለቀማል። የአብያተ ክርስቲያናቱን ሥዕሎች ለዘመናት የጠበቁት መነኮሳቱና የአካባቢው ሰዎች ናቸው።

ታንኳውም ባለሙያ አለው። አንድ የነገደ ወይጦ አዛውንት የደረቀ ደንገል በጉልበታቸው ተጭነው እያጠበቁ ሲያስሩ አገኘኋቸው። ታንኳው ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ቶሎ ቶሎ በአዲስ መተካት አለበት። «አባቴ፣ ደንገሉን ከየት ያመጡታል?» አልኳቸው። «ድሮ ከደጃችን ነበር ልጄ፤ አሁን ርቀን ሄደን ነው የምናጭደው» አሉኝ።

ዩኔስኮ ጣናን በ2007 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል። ሆኖም እምቦጭ የተባለው አረም ሐይቁን ተፈታትኖታል፤ የአካባቢው ግጭትም ጎብኚ አርቋል። ሰላም ሲወርድ እንግዳው መመለሱ አይቀርም። ያን ጊዜ ከጉብኝቱ ገቢ ታንኳ ሠሪዎቹና የዘጌ ገበሬዎች ድርሻቸውን ማግኘት አለባቸው፤ የደንገሉ ዳርቻም ለግንባታ ሊሰጥ አይገባም። ሆቴል በየትኛውም ከተማ ይሠራል። ሰው ባሕር ዳር ድረስ የሚመጣው ለእነዚህ ሰዎችና ለሐይቃቸው ነው።