«ባትሪው ሞቷል» ከመባሉ በፊት



ከጀሞ እስከ ሳሪስ ጠዋት ጠዋት መኪና የሚገፋ ሰው አይጠፋም። በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር ብርዱ ሲበረታ ያረጀ ባትሪ ጉልበት ያንሰዋል። ታዲያ መኪና አልነሳ ባለ ቁጥር የመጀመሪያው ፍርድ «ባትሪው ሞቷል» ነው። ለአስተማሪ ደግሞ አዲስ ባትሪ ማለት የወር ደሞዝ በለው።

የእኔዋ ቶዮታ ዲኤክስ በዕድሜ ከተማሪዎቼ ሁሉ ትበልጣለች። ሰሞኑን ቁልፍ ሳዞር እያቃሰተች ሁለቴ ዞራ ዝም አለች። ሰፈር ያለ ጋራዥ የሚሠራ አንድ ልጅ ገና ኮፈኑ ሳይከፈት «ቲቸር፣ ባትሪው ሞቷል፤ አዲስ ነው የሚፈልገው» አለኝ። «ቆይ፣ መጀመሪያ እንለካው» አልኩት።

መልቲሜትር አመጣሁ። ባትሪው አድሮ 12.6 ቮልት አለው፤ ሙሉ ነው። እኔ ቁልፍ ሳዞር እሱ ለካ፤ ባትሪው ላይ 11.8፣ ሞተሪኖው ጋ ግን 7 ብቻ! ወደ 5 ቮልት የሚጠጋ መንገድ ላይ ቀርቷል። የት? በፖዘቲቩ ገመድ 0.3 ብቻ። ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ሞተሩ አካል ስንለካ 4.5 ሆነ። ጤነኛ ቢሆን ከግማሽ ቮልት ባላለፈ ነበር። ሌባው ተገኘ፤ ማሳው የታሰረበት ብሎን ዝጓል።

ተማሪዎቼ፣ ቮልቴጅ ማለት ከረንት ሲባዛ በሬዚስታንስ ብለን ሰሌዳ ላይ ስንጽፍ «ምን ያደርግልናል?» ትሉ ነበር። ሞተሪኖ 100 አምፒር ሳበ እንበል። 4.5 ቮልት ለመብላት 0.045 ኦም ይበቃዋል። በዓይን የማይታይ ዝገት መኪና ያቆማል ማለት ነው።

ብሎኑን ፈትተን በብርጭቆ ወረቀት አሸነው፣ አጥብቀን አሰርነው። በአንድ ቁልፍ ተነሳች። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ 14.1 ቮልት አነበብን፤ ዲናሞውም እየሞላ ነው። ልጁ መልቲሜትሩን እያገላበጠ «ይሄ ነገር አሥረኛ ክፍል የተማርነው ነው እንዴ?» አለኝ። እሱ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ከመኪናዋ መነሳት ይልቅ ይህቺ ጥያቄ ቀኑን ሙሉ አብራኝ ዋለች። ቀመሩን ለፈተና አስይዘነዋል፤ ሥራው ላይ ግን አላገናኘንለትም።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ እነዚህ አሮጌዎች ገና አብረውን ይከርማሉ። ስለዚህ ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ማርሹን ነፃ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ለኩ፦ ባትሪውን፣ ፖዘቲቩን፣ ማሳውን፣ ከተነሳች በኋላ ዲናሞውን። ባትሪው በእርግጥ ደክሞም ከሆነ ቁልፍ ሲዞር ራሱ ላይ ከ9.6 በታች ሲወርድ ታዩታላችሁ፤ ያኔ ግዙ።

ላፍቶ አካባቢ ላላችሁ መልቲሜትሬን አውሳለሁ። ብቻ መልሱ!