ዘፈን የሚጠበቅበት መንገድ

ሰው በሣጥን ቈልፎ ሊያኖረው የሚችለው ሀብት ብዙ ነው፤ ወርቅም፣ ልብስም፣ መጽሐፍም ይቈለፋል። ዘፈን ግን ኑሮው በሚዘፍነው አፍና በሚሰማው ጆሮ ስለ ሆነ፥ ሁለቱ የተለያዩ ቀን ይሞታል። ይህን እንዳስብ ያደረገኝ በኢጣልያ ደቡብ የምትገኘው የሲሲሊ ደሴት የባላገር ዘፈን ታሪክ ነው።

በዚያች ደሴት ዘፈን የሥራ ባልንጀራ ነበረ። ጋሪ ነጂው የረጅሙን መንገድ ብቸኝነት የሚረሳው በዘፈን ነበር። ቱና የተባለውን ታላቅ ዓሣ የሚያጠምዱትም ከባዱን መረብ ሲስቡ አንዱ ያወጣ፣ የቀሩት ይቀበሉ ነበር፤ ዜማውም የብዙውን ሰው ክንድ ባንድ ጊዜ ያንቀሳቅስ ነበር። መሣሪያቸውም የድኻ መሣሪያ ነው፤ የሸምበቆ ዋሽንት፣ በእጅ የሚመታ ትንሽ ከበሮ፣ ደግሞም ከአፍ ተይዞ በጣት የሚነካ ማራንዛኖ የሚሉት ትንሽ ብረት።

ካሚዮን ጋሪውን በተካው ጊዜ ግን የጋሪ ነጂው ዘፈን ቤት የሌለው ሆነ። ከዚህም የከፋ ጠላት አለ፤ እርሱም እፍረት ነው። ፊደል የቈጠረ ልጅ ያልተማረች እናቱን ዘፈን የድኽነት ምልክት አድርጎ ሊያየው ይችላል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራልና።

ነገር ግን ብዙውን ዘፈን ከመጥፋት ያዳኑትም የተማሩ ሰዎች ናቸው። አልቤርቶ ፋቫራ የተባለው ሲሲሊያዊ የሙዚቃ ሊቅ ያልተማሩትን ሰዎች እንደ መምህር ቈጥሮ እየሰማ፥ ከሺሕ የሚበልጥ ዜማ በኖታ ጻፈ። እርሱ የሞተው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1923 ሲሆን፥ ትልቁ ስብስቡ የታተመው በ1957 ነው። በ1954ም አሜሪካዊው አላን ሎማክስና ኢጣልያዊው ዲዬጎ ካርፒቴላ የድምፅ መቅረጫ ይዘው በደሴቲቱ እየዞሩ የሕዝቡን ድምፅ ቀረጹ።

ይሁን እንጂ ኖታና ቴፕ ጎተራ ናቸው። ጎተራ ዘሩን ያቈያል እንጂ አያበቅለውም፤ ዘሩን የሚያበቅለው የሚዘራ ሰው ሲገኝ ነው። በ1927 በሊካታ ከተማ የተወለደችው ሮዛ ባሊስትሬሪ እንዲህ ያለች ዘሪ ነበረች። በድኽነት ያደገች፣ ማንበብንም ጐልማሳ ከሆነች በኋላ የተማረች ሴት ናት። በ1966 በዳሪዮ ፎ ቴአትር መድረክ ላይ የሕዝቡን ዘፈን ዘፈነች፤ በ1990 እስክትሞትም ድረስ ጊታሯን ይዛ የድኾችን ረኀብና በደል በሲሲሊኛ አሰማች። ዘፈኑን ለእንግዳ ዓይን ደስ እንዲል ብላ አላለሰለሰችውም።

እኔ ትልቁን ቁም ነገር የማገኘው ከዚህ ላይ ነው። ዘፈንን መጠበቅ ማለት ጌጡን አስቀርቶ ሕመሙን መጣል አይደለም። የመረብ ሳቢውን ዜማ ወስዶ ላቡን የሚረሳ ሰው፥ ልብሱን አስቀምጦ ባለልብሱን እንዳባረረ ይቈጠራል።

ስለዚህ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ማንበብህ ከሽማግሌዎች አጠገብ የሚያርቅህ አይሁን። አንድ ዘፈን ጠይቃቸው፤ መቼና ለምን ይዘፈን እንደ ነበረ ጭምር ጻፈው። ከጻፍኸውም በኋላ ወረቀቱን አጥፈህ ዝም አትበል፤ አንተም ዝፈነው።