ዐባይን የማታውቅ ቮልስ

ደራሲ ነኝ የሚል ሰው ብዙ ጥያቄ ይጠየቃል። እኔም ተውኔቶቼ ለምን በሞት እንደሚያልቁ፣ ግጥሞቼ ለምን ቤት እንደማይመቱ ተጠይቄ እንደ አቅሜ መልሻለሁ። ባለፈው ክረምት የእኅቴ ልጅ ያቀረበልኝን ጥያቄ ያህል ያሳፈረኝ ግን አልነበረም። «ጋሼ፣ የአባባ ቮልስ የቤንዚን መለኪያዋ በየት በኩል ነበር?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ልጁ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ ነው። ለመመረቂያው የመኪና መንዳት ጨዋታ እየሠራ ነበረ። የጨዋታው መንገድ ከዐባይ ድልድይ ተነሥቶ፣ በደጀንና በሉማሜ አልፎ አምበር ይደርሳል። መኪናዋም አያቱ በአምበር መምህር ሳለ ይነዳት የነበረችው አሮጌ ቮልስዋገን ናት። ስለዚያች መኪና እኔ ግጥም ጽፌአለሁ። በግጥሜ ዔሊ ብያታለሁ፤ እናትም ብያታለሁ። የቤንዚን መለኪያዋን ግን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም።

አሮጌና ትንሽ መኪናን ለጨዋታ ብሎ በጥንቃቄ መልሶ መሥራት በሌላው ዓለም እንግዳ ነገር አይደለም። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው «ግራን ቱሪስሞ 4» የተሰኘው የጃፓኖች ጨዋታ ከታላላቆቹ የእሽቅድምድም መኪናዎች ጎን የ1968ቷን ትንሽ ፊያት 500 አሰልፎ ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበው የፊንላንዱ «ማይ ሰመር ካር» ደግሞ ተጫዋቹ አንዲት ትንሽ መኪና ብሎን በብሎን ገጥሞ ካላቆመ በቀር እርሷን አያስነዳውም። የእኅቴ ልጅ ይህን ሁሉ ያውቃል። ስለዚህም የፋብሪካውን ንድፍና አኀዝ ፈልጎ አገኘ። ከፊት እግር እስከ ኋላ እግር 2 ሜትር ከ40፤ ሞተሩ ከኋላ፣ 1,192 ሴንቲ ሜትር ኩብ፤ ጉልበቱ 34 ፈረስ። ቅርጿን በኮምፒዩተሩ ላይ ሲያዞራት ዐይኔን ማመን አቃተኝ፤ ከፋብሪካ ዛሬ የወጣች ትመስል ነበር።

በነሐሴ አምበር ወርደን ለአባቴ አሳየነው። አባቴ ሰማንያን አልፏል፤ ዐይኑ ደክሟል፤ ጆሮው ግን ንቁ ነው። ልጁ መሪውንና የእግር መርገጫዎቹን ከጠረጴዛው ጋር አሰረለት። ሽማግሌው ጋቢውን ሰብስቦ ተቀመጠ፤ ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሽ አስገባና ከድልድዩ ተነሣ። አራት ጠመዝማዛ ያህል እንደ ወጣ እግሩን ከነዳጅ መስጫው አነሣ።

«ይህች መኪና ዐባይን አታውቅም» አለ።

ልጁ ደነገጠ። «አባባ፣ ልኩ ሁሉ ከፋብሪካው የተወሰደ ነው እኮ!»

«ፋብሪካው ዐባይን ወጥቶ ያውቃል እንዴ? በዚህ ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ አትስቅም ነበር። በሁለተኛ ታለቅስ ነበር፤ ደጀን አፋፍ ላይ ደግሞ በአንደኛ።»

አባቴ የፊዚክስ መምህር ነበረና ነገሩን አስረዳን። ከድልድዩ እስከ ደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ሰው ወደ ደጋ በወጣ ቍጥር አየሩ ይሳሳል፤ የአየር እጥረት ደግሞ የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል። ደብረ ማርቆስ ባለበት ወደ 2,400 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ሞተሩ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ስለሚያጣ፣ የ34 ፈረስ ጉልበት 26 ገደማ ይሆናል። ካርቡራቶሩ ለዝቅተኛ አገር እንደ ተቃኘ ከቀረ ደግሞ ቤንዚኑ በዝቶ ሞተሩን ያፍነዋል። ልጁ እየሰማ ይጽፍ ነበር።

ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። አያት ይናገራል፤ የልጅ ልጅ ይጽፋል፤ ባለቅኔው ቡና ያቀርባል። ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው በቺንጋ የሚዞር ማራገቢያ ነው። ሌሎች መኪናዎች ዳገቱ ላይ ውኃ አፍልተው ሲቆሙ እርሷ ታልፋቸው ነበር፤ ቺንጋው ከተበጠሰ ግን ጕዞው አበቃ፤ ስለዚህ ትርፍ ቺንጋ ከወንበሩ ሥር አይጠፋም ነበር። የፊት መስተዋቷን የሚያጥበውን ውኃ የሚገፋው የስኮርታ ጎማው አየር ነው፤ ውኃው መርጨት ሲያቆም ስኮርታው አየር እንዳነሰው ይታወቃል። በሯ መስተዋቱ ጥቂት ዝቅ ካላለ በደንብ አይዘጋም። በቀኝ በኩል ያለው ስርጕዳት ምጥ የያዛትን ሴት በሌሊት ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሲያደርስ ከድልድይ ግንብ ጋር የተጋጨበት ነው። የቤንዚን መለኪያውስ? «የትም ይሁን፤ እኵሌታ ላይ ቆሞ የቀረ ነበር» አለ አባቴ፤ «እኔ የምለካው በባሕር ዛፍ እንጨት ነው፤ ፊት ለፊት ያለውን ኮፈን ከፍቼ፣ ጋኑ ውስጥ ነክሬ።»

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ካልተናገርኩ ጽሑፌ ውሸት ይሆናል። በ1998 ዓ.ም. ያችን መኪና አዲስ አበባ ወስጄ እንዳሳድሳት አደራ ተቀብዬ ነበር። እኔ ግን ሸጥኳት። ገዢው ፈታትቶ ለመለዋወጫ አደረጋት። በገንዘቡ የመጀመሪያ የግጥም መጽሐፌን አሳተምኩበት፤ ስለ እርሷ የጻፍኩት ግጥም የሚገኘውም በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ነው። ለአባቴ «ጋራዥ ናት» አልኩት። ሁለት ዓመት ያህል ጠየቀኝ፤ ከዚያ በኋላ መጠየቁን ተወ።

በመስከረም ልጁ ሥራውን አርሞ ተመለሰ። ሞተሩ ሽቅብ ሲወጣ ይደክማል፤ በቀኝ በኩል ስርጕዳቱ አለ፤ መለኪያው እኵሌታ ላይ ቆሟል፤ ከፊተኛው ኮፈን ሥር ቀጭን እንጨት ተጋድሟል። አባቴ ከድልድዩ ተነሥቶ በሁለተኛ፣ አፋፉ ላይም በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ወጣ። ሉማሜን አለፈ። አምበር ሲደርስ ሞተሩን አጠፋ፤ ግራ እጁንም ወደ ባዶው አየር ዘርግቶ የሌለውን መስተዋት ዝቅ አደረገ። ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ መለሰ።

«ይህችንስ ትሸጣታለህ?» አለኝ።

ልጁ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። «አልሸጣትም፣ አባባ። የፊተኛዋን ግን ሸጫታለሁ» አልኩት። «አውቃለሁ» አለና ቡናውን ጠየቀ።

የሙያ ጓደኞቼ ሆይ፤ ስለ ሠርቶ አደሩ ሰው ኑሮ ብዙ እንጽፋለን። ዔሊና እናት ማለት ቀላል ነው። አንድ ሰው ቤንዚኑን በምን ይለካ እንደ ነበር ለማወቅ ግን አጠገቡ ቁጭ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህን ያስተማረኝ በጨዋታ የተጠመደ ሲመስለኝ የነበረ ልጅ ነው።