ያለ እርሳስ የተነበበ መጽሐፍ

አንድ መምህር ነበሩ። አዲስ መጽሐፍ በታተመ ቍጥር «ሐሳብዎን ይጻፉልኝ» የሚል ደራሲ አይታጣምና፥ ከጊዜ በኋላ እርሳስ ሳይጨብጡ ገጽ መግለጥ አልሆንላቸው አለ፤ ስሕተቱን ሲለቅሙ፥ ምስጋናውን ሲመጥኑ፥ ጣዕሙ አመለጣቸው። (ደራሲ ላለማስቀየም ቃል መምረጥ ከንባቡ ይልቅ ያደክማል።)

በአንድ የክረምት ሌሊት ግን አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ያሳተሙትን «ልብ ወለድ ታሪክ» አነሡ። ስለዚያ መጽሐፍ የእርሳቸውን ቃል የሚጠብቅ የለም። ዋሕድ አባቱን ከባርነት የዋጀውን ነጋዴ ሊፈልግ ወጥቶ በፈንጋዮች እጅ ሲወድቅ፥ ጦቢያም የወንድ ልብስ ለብሳ ፍለጋውን ስትወጣ፥ መምህሩ እንደ ፊደል ቈጣሪ ልጅ «ከዚያስ?» እያሉ ሌሊቱ ነጋ። ዐረፍተ ነገሩ አንዳንድ ጊዜ መርዘሙን አይተዋል፤ ምን ቸገራቸው!

ከጠረጴዛቸው ላይ ሦስት አዳዲስ መጻሕፍት ይጠብቋቸው ነበር። ለባለቤቶቹ «ማንበቡን አነበዋለሁ፤ ስለ እርሱ ግን አልጽፍም» ብለው ላኩ፤ የላይኛውንም ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩት።